መርዶ ያልመጣለት ሰው

ቀኝ ጆሮዬ የሞተው ሶፊያ ነው። በሙዚቃ ትምህርቴ ሦስተኛ ዓመት፣ በረዶ በሚጥልበት ወር፣ ትኩሳት ይዞኝ ሁለት ሳምንት ተኛሁ። ስነሳ በቀኜ በኩል ያለው ዓለም ጸጥ ብሎ ጠበቀኝ። ያከመኝ ሽማግሌ ሐኪም፣ "ቀኙን እርሳው" አለኝ። "ግራውን ጠብቀው። መምገል ከጀመረ ወር አትቆይ፤ በቀዶ ሕክምና ይተርፋል። ከቆየህ እሱም ይሄዳል።"

ለመምህሮቼ አልነገርኳቸውም። ከኦርኬስትራው ጋር ስቀመጥ ሁልጊዜ የቀኙን ጫፍ ወንበር እመርጥ ነበር፤ ሰው ሁሉ በግራዬ እንዲሆንልኝ። ትሑት ነው አሉኝ። አገሬ ስመለስ ደግሞ ኩሩ ነው አሉኝ። ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ሁለት ጆሮ ያስፈልጋል። አንድ ብቻ ያለው ሰው ነገር ሁሉ ከአንድ ቦታ ይመጣበታል። መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ "ያለው! ያለው!" ብሎ በስሜ የሚጠራኝን ሰው ፍለጋ ባለሁበት እዞራለሁ፤ ሳላገኘው ስቀር መንገዴን እቀጥላለሁ። ከዚያ ሰውዬው ሄዶ፣ "የቢተው ልጅ ፈረንጅ አገር ደርሶ መጥቶ ሰላምታ ነሳን" ይላል።

ወደ ትውልድ አገሬ የመጣሁት ወድጄ አይደለም። አዲስ አበባ ስደርስ፣ ለየአውራጃው የኪነት ቡድን እየተቋቋመ ነው፣ አንተ የመካነ ሰላም ሰው ነህ ተባልኩ፤ አንድ አኮርዲዮን ፈርሜ ተረከብኩና ተሳፈርኩ። ሰባት ዓመት የተማርኩትን ሁሉ አንድ አኮርዲዮን ላይ ጠቅልዬ፣ ልጆች መፈክር ሲዘምሩ አጅባለሁ። ለራሴ የቀረችኝ ጠዋት ጠዋት ናት። ልምምድ ሳይጀመር ደጃፌ ላይ ተቀምጬ የሰማሁትን በኖታ እጽፋለሁ፦ ጎረቤት የሚወቀጠውን ሙቀጫ፣ የመስጊዱን አዛን፣ የአህያ ኮቴ ድንጋይ ላይ። ይህ ለማንም አይጠቅም ይሆናል። ግን በጻፍኩበት ቀን ሰው ሆኜ እውላለሁ።

በተመለስኩ በአሥረኛው ወር፣ በመጋቢት 1969፣ ትራሴ ላይ ቢጫ እድፍ አየሁ። በግራ በኩል ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፆች አንድ በአንድ ይርቁኝ ጀመር። መጀመሪያ የሄዱት ቀጫጮቹ ናቸው፦ የወፎቹ፣ የትንንሾቹ ልጆች፣ የማሲንቆው ላይኛው ድምፅ። የቡድናችን ማሲንቆ መቺ አራጌ ክሩን ሲቃኝ፣ "ልክ ነው" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

"መምህር፣ ያንተ ልክ ዛሬ ትንሽ ዝቅ ብላለች" አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የሰውን ሳቅ በዓይን መከተል ቀላል ነው።

ደሴ ከውጭ አንድ የጆሮ ሐኪም መጥቷል፣ እስከ ሚያዝያ ሃያ ስድስት ብቻ ነው የሚቆየው የሚል ወሬ የሰማሁት ከሾፌሩ ከጀብሪል ነው። ጀብሪል በአሮጌ ኤንትሬ መኪናው ቆዳና እህል እየጫነ በየሁለት ሳምንቱ ደሴ ይመላለሳል። ሌላ መኪና አልነበረም። ያለ ይለፍ ወረቀት ደግሞ ማንም ከከተማው ንቅንቅ አይልም፤ ኬላ ላይ የተያዘ ሰው ፀረ አብዮት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቅለት የለም። ወረቀቱን የሚፈርመው የአውራጃው ካድሬ ነው፤ ስሙ ንጉሡ ይባላል። በዚያ ዘመን ይህ ስም ሸክም ነበር። ስብሰባ ላይ "ጓድ ንጉሡ" ሲባል ከኋላ የሚንሾካሾኩ አይጠፉም፤ እሱም ያውቃቸዋል።

"ጆሮዬን አሞኛል" አልኩት።

"ሰሞኑን ሰው ሁሉ አሞታል" አለ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። "አንዱን ጥርሱን፣ አንዱን ሆዱን። እዚህ የሚሻለው ግን የለም፤ ሁሉም መድኃኒቱ ደሴ ነው።"

"የኔ እውነት ነው።"

"የነሱም እውነት ነበር። ሁለቱ በዚያው ጫካ ገቡ። ፈርሜ ያሳለፍኳቸው እኔ ነኝ፤ የተጠየቅሁትም እኔ ነኝ።" ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ከአብዮቱ በፊት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር፤ ሲደክመው ያስታውቅበታል። "ስማ፤ ለሠራተኞች ቀን ከክፍለ ሀገር ጓዶች ይመጣሉ። በትርኢቱ ውስጥ የረሃቡን ክፍል አይተኸዋል? ልጆቹ ሲያለቅሱ ሰው ይስቃል። አልቃሿን አልታየችን አምጣልኝ። እሷ መድረክ ላይ ካለቀሰች፣ በዚያው ቀን እፈርምልሃለሁ።"

እማማ አልታየችን የማያውቅ የለም። ክርስቲያኑም እስላሙም ሰው ሲሞትበት የሚልክባቸው ሴት ናቸው። ስሄድ ከቤታቸው ጀርባ ጭቃ ከጭድ ጋር ረግጠው ግድግዳ ይመርጉ ነበር።

"ማን ሞተ?" አሉኝ፣ ሰላምታዬን ሳልጨርስ።

"ማንም አልሞተም፣ እማማ።"

"እንግዲያ እጀታህን ሰብስብ፤ ጭቃ ታቀብለኛለህ።"

እያቀበልኩ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ሳቁ፤ ትከሻቸው ድረስ ተናወጡ።

"መድረክ ላይ? እንደ ሙሽራ? የኔ ልጅ፣ ሬሳ የሌለበት ሙሾ ሬሳ ይጠራል።"

"በስድሳ አምስቱ ረሃብ ላለቁት ይሁንላቸዋ። ብዙ ናቸው።"

እጃቸው ግድግዳው ላይ ቆመ። "ብዙ ስም አይደለም" አሉ። "እኔ ለብዙ ሰው አልቅሼ አላውቅም። ያን ጊዜ ሰው በብዙ ሲሞት እኔም ዝም አልኩ፤ ጉልበትም አልነበረኝ። ለሰው የሚለቀስለት አንድ አንድ እያለ ሲሞት ነው። ስም ስጠኝ። ቤተሰቡ የፈቀደ፣ መርዶው የመጣ ስም። ያኔ መድረክም ይሁን ሜዳ፣ አለቅሳለሁ።"

ለሁለት ቀን ስም ስለምን ዋልኩ። በረሃቡ ሁለት ወንድሞቿን የቀበረችው ባለሱቋ ዘይነባ ሳሙናዋን እየደረደረች ሰማችኝ። "ወላሂ መምህር፣ ወንድሞቼን ለመድረክ አልሰጥም" አለች። "ዱዓ አድርጌላቸዋለሁ፤ ይበቃቸዋል። እባክህ ያንተን ሟች ውሰድ።"

የኔ ሟች።

አባቴ ቢተው በ1965 መጨረሻ፣ እኔ ሶፊያ ሳለሁ፣ አንድ የቀረውን በሬ ነድቶ ወደ ወረኢሉ ገበያ ወጣ። ሸጦ እህል ሊገዛ ነው። ሲሸጥ ያየው ሰው አለ። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። እናቴ የዓለምዘርፍ ከከተማው ቁልቁል የግማሽ ቀን መንገድ ላይ፣ እዚያው ቤታችን ነው ያለችው። ጥቁር አልለበሰችም፤ ፀጉሯን አልተላጨችም። የገበሬ ማኅበሩ መሬት ሲያከፋፍል የባለቤቷን ስም ጠይቋት "ቢተው" አለች። የት ነው ያለው ሲሏት "መንገድ ላይ" አለች። ጸሐፊው ምን ብሎ እንደመዘገበ አላውቅም። እንደተመለስኩ ልጠይቃት የወረድኩ ጊዜ ስለ እሱ ያነሳችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ሲመጣ አጥሩን ያድሰዋል" አለች። እኔም ዝም አልኩ። እሱ እንደሞተ አምን ነበር፤ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ያን ቀን ከዘይነባ ሱቅ እስከ እማማ አልታየች ቤት ስሄድ ያሰብኩትን አልክድም። ሙሾ ዜማ ነው አልኩ። መድረክ ላይ የተጠራ ስም የመድረክ ስም ነው፤ ተዋናይ ሞቶ ይነሳል። እናቴ እዚያ ቆላ ውስጥ አትሰማም። ደሴ ሄጄ፣ ታክሜ እመለሳለሁ። በውጭ አገር ሰባት ዓመት እንዲህ ማሰብ ተምሬያለሁ፤ እዚያ ትክክል ነው።

"የኔ አባት ነው" አልኳቸው እማማ አልታየችን። "ቢተው።"

"መርዶው መጥቷል?"

"መጥቷል።"

"ማን አመጣው?"

"ስመለስ ደሴ ላይ የነገረኝ ሰው አለ።"

ከዚያ እጃቸውን ታጥበው፣ በርጩማ ላይ አስቀመጡኝና መጠየቅ ጀመሩ። እንዲህ እንደሚሠሩ አላውቅም ነበር። ከማን ይወለዳል? የእናቱ አገር የት ነው? ሲቆጣ ምን ይላል? እጁ ምን ያውቃል? የሚወደው በሬ ማን ይባላል? ሶፊያ ውስጥ አንድም የቅንብር መምህር እንዲህ በጥንቃቄ ሲያዘጋጅ አላየሁም። አባቴ ሲያርስ፣ ማረሻው ድንጋይ ሲነካ በድምፁ ብቻ ድንጋዩ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ተነቃይ ይሁን ሥር የሰደደ ያውቅ እንደነበር ነገርኳቸው። ትልቅ ከሆነ በሬዎቹን አቁሞ ይዞራል፤ ትንሽ ከሆነ አይቆምም። ተሳስቶ አያውቅም።

"ይኼ ይበቃል" አሉ። ከዚያ ልሄድ ስነሳ፣ "ድምፁስ? ወፍራም ነው ቀጭን?"

ያጠናሁትን ሲምፎኒ ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጭንቅላቴ ማጫወት እችላለሁ። የአባቴ ድምፅ ግን አልመጣልኝም።

"አብሽር" አሉኝ። "መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።"

የሠራተኞች ቀን፣ ሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ እሑድ ዋለ። ገበያው ሜዳ ላይ መድረክ ተሠርቷል፤ የየቀበሌው ገበሬ ማኅበር ሰንደቁን ይዞ ቆሟል። ከክፍለ ሀገር የመጡት ሦስት ጓዶች ከፊት ተቀምጠዋል። እማማ አልታየች ሲወጡ እኔ ከመድረኩ በስተቀኝ ነበርኩ፤ ግራ ጆሮዬን ወደ እሳቸው አድርጌ።

የሰማሁት ግማሹን ነው። ዝቅ ሲሉ እሰማለሁ፤ ከፍ ሲሉ አፋቸው ይከፈታል፣ ድምፁ ግን ወደኔ አይደርስም። ስለዚህ ሰዉን አየሁ። መጀመሪያ ወሬ ነበር፤ ሳቅም ነበር። የአባቴን ስም ከነአያቱ ሲጠሩ ከኋላ የቆሙ ወንዶች ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ይህን አሉ፤ ይህንን በደንብ ሰምቼዋለሁ፦

"የመሬቱን ድንጋይ በድምፁ ለይቶ፣
የሚያርሰው ቢተው ዝም አለ ተጠርቶ።"

አንዲት ሴት ነጠላዋን አሸረጠች። ሌላዋ ደረቷን መታች። ከዚያ ሜዳው በሙሉ፣ እንደ ዝናብ ጠብ ጠብ እያለ ሳይሆን እንደሚናድ ግንብ በአንዴ፣ ባለበት ተቀመጠ። በረሃቡ ያላለቀሰ ሰው ሁሉ የራሱን ሰው ስም ይጠራ ነበር፤ አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ዘይነባ እንኳ ሱቋ በር ላይ ፊቷን በሻሿ ሸፍናለች። ከክፍለ ሀገር የመጣው አንደኛው ጓድ መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል። እኔ ኪሴ ውስጥ የኖታ ወረቀት ይዤ ነበር። አላወጣሁትም።

ንጉሡ ቃሉን አላጠፈም። ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ፈርሞ ማኅተም መታና፣ "አባትህን እግዜር ይማረው" አለኝ። ከዚያ "እግዜር" ማለቱ አስደንግጦት በሩን አየ። "ለምን አልነገርከንም? ለቅሶ እንደርስ ነበር።"

ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ሰኞ ከቀትር በኋላ ጀብሪል ቆዳውን ጭኖ ጨረሰ። ጋቢና ገብቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ፤ ቀኜ ወደ መስኮቱ፣ ግራዬ ወደ እሱ። ሞተሩን አስነሳ። ሞተሩን በእግሬ ነው የምሰማው። ከከተማው መውጫ አጠገብ ስንደርስ ጀብሪል ፍሬን ያዘና ሞተሩን አጠፋ።

"ምን ሆንክ?" አልኩት።

"ለቅሶ ነዋ፣ ጋሼ! አትሰማም እንዴ?" በአገጩ በኔ በኩል ወዳለው መስኮት አመለከተኝ።

ዞርኩ። ከቆላው በሚወጣው መንገድ ሃምሳ የሚሆን ሰው ይመጣል። ከፊት ሁለት ሽማግሌዎች፤ ከነሱ ኋላ በሁለት ሴቶች የተደገፈች እናቴ። እጄን በመስኮቱ ብዘረጋ እነካቸዋለሁ፤ አንዳች አልሰማሁም።

እሑድ ሜዳው ላይ ከኛ ቀበሌ የመጡ ሰዎች ነበሩ። መርዶ ሰምተው ማደር ነውር ነው። ከሰዓቱን ሙሉ ወርደው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ደንቡ እንደሚያዘው በሯን አንኳኩ። ልጅሽ መርዶውን አውጥቶታል፣ አልቃሽ ጠርታዋለች አሏት። ተዋናይ ሞቶ የሚነሳው ሌላ አገር ነው። እዚህ አልቃሽ ከነዘሩ የጠራችው ሰው ሞቷል።

"ምን ላድርግ ጋሼ?" አለ ጀብሪል። "ትወርዳለህ ወይስ ልንዳ? ሐኪምህ ሮብ ይሄዳል። ቀጣዩ ጉዞዬ ደግሞ፣ ዝናቡ ካልቀደመኝ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የምታውቀው አንተ ነህ።"

ወረድኩ።

እናቴ ፀጉሯን ቆርጣዋለች። በመላጫ አልነበረም፤ በመቀስ፣ በጥድፊያ፣ እዚህም እዚያም ተቦጫጭቋል። ደረቷ በጥፍር ተቧጥጧል። መጥታ በቀኜ ቆመችና የሆነ ነገር አለች። አልሰማኋትም። ደገመችው። ዞሬ ግራዬን ሰጠኋት።

"የት ሞተ?" አለች።

ሃምሳው ሰው ከበበን።

"ማን ነገረህ? አሥር ወር ሙሉ ይዘህብኝ ነበር? ቤቴ መጥተህ፣ አጥሩን ያድሰዋል ስልህ፣ ዝም ብለህ ሰማኸኝ?"

ልነግራት ነበር። እማ፣ ዋሽቻለሁ፣ ማንም አልነገረኝም ልላት ነበር። ፀጉሯን አየሁ። በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ምን እንደሚባል፣ ያስለቀሰውስ ልጅ ምን እንደሚባል አሰብኩ። እማማ አልታየችም ከከተማ በኩል መጥተው ከሰዉ ጫፍ ቆመዋል፤ እያዩኝ ነው።

"ሐይቅ" አልኩ። "መጠለያው ውስጥ።"

"መቼ?"

"በስድሳ ስድስት። ከጥምቀት በኋላ።"

"አፈር ለበሰ?"

"ለበሰ።"

"ቄስ ነበረው?"

"አንድ ቄስ ነበሩ።"

ዓይኗን ጨፈነች፤ አፈሩ ላይ ተቀመጠች። ከኋላዬ መኪናው ተነሳ። በእግሬ ስር መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ፤ ከዚያ መንቀጥቀጡ እየራቀ ሄደና ጠፋ።

ሦስት ቀን በኔ ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። የመጣ ሁሉ፣ "እግዜር ያጥናህ"፣ "አላህ ያጥናህ" ይለኛል፤ ከዚያ ጠጋ ብሎ አሟሟቱን ይጠይቀኛል። ለመጀመሪያው የነገርኩትን ለሁለተኛው መድገም ነበረብኝ፤ ሁለተኛው ደግሞ ያልተጠየቀ ነገር ይጠይቃል። ማን አጠገቡ ነበር? ጎንደሬ የሆነ ሰው፣ አልኩ። ምን ብሎ ሞተ? የናቴን ስም ጠርቶ። ያንን ስናገር የአባቴ ድምፅ መጣልኝ፤ ወፍራም፣ በአፍንጫው የሚያልፍ፤ ግን እውነት የሱ ይሁን ያንን ጊዜ የፈጠርኩት መለየት አልቻልኩም። እማማ አልታየች ከበሩ ጎን ተቀምጠው የምለውን ይሰበስባሉ፤ ማታ ማታ በሙሾ ይመልሱታል። ከንፈራቸውን እያየሁ ጎንደሬው ሰውዬ ውስጡ እንደገባ አወቅሁ።

ሮብ ከሰዓት ግራ ጆሮዬ በጥጥ ተደፍኖ ነበር። ሽማግሌዎቹ ስለ ተዝካር ይመክራሉ። እናቴ ተነስታ መጣችና፣ ማንም ሳይነግራት፣ በግራዬ ተቀመጠች። እጄን ያዘች።

"ክረምቱ ሲወጣ እንሄዳለን" አለች፤ ከጆሮዬ ሥር፣ ጮክ ብላ። "አፅሙን አምጥተን ካባቶቹ ጋር እንቀብረዋለን። መቃብሩን አንተ ታውቀዋለህ።"

"ሩቅ ነው፣ እማ።"

"ሩቅ አይደለም። ሰው ሄዶበታል።" እጄን ጠበቅ አደረገች። "ምን ምልክት አለው?"

ሽማግሌዎቹ ምክራቸውን አቋርጠው ወደኔ ዞሩ። እማማ አልታየችም ቀና አሉ።

"ዋንዛ" አልኩ። "ከራስጌው አንድ ዋንዛ አለ።"